ኮሌጁ ሲዘጋ ማን ዝግጁ ነበር? የ2012ቱ እጩ መምህራን ጉዳይ

መጋቢት 4 ቀን 2012 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቻቸውን ግቢ ውስጥ እንዲያቆዩ ነበር የተነገራቸው። ሳምንት አለፍ ሲል ግን እነሱም ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። ከዚያ አንዳንዶቹ ግቢዎች የኮቪድ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። 15 ቀን የተባለው ወራት ፈጀ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከክፍል ውጭ ቀረ።

ስለነዚህ 26 ሚሊዮን ልጆች ብዙ ተብሏል። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ትምህርት ማሰራጨት ጀመሩ። በአዲስ አበባ ቴሌግራም ተጨመረበት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነገርም በየዜናው ይነሳ ነበር። እኔ ማንሳት የምፈልገው ግን መሃል ላይ የቀሩትን ነው። ዛሬ ተማሪ፣ ነገ መምህር የሆኑትን። በየክልሉ ባሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች እና በዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ፋኩልቲዎች ውስጥ የነበሩትን እጩ መምህራን።

ለምን እነሱ? ሌላ ተማሪ ኦንላይን ሲማር የሚማረው ትምህርቱን ነው። ሂሳብ ከሆነ ሂሳብ፣ ሕግ ከሆነ ሕግ። እጩ መምህር ግን ሁለት ነገር ይማራል። አንዱ የኮርሱ ይዘት ነው። ሁለተኛው አስተማሪው እንዴት እንዳስተማረው ነው። ጥያቄ እንዴት ይጠየቃል? የደከመው ተማሪ እንዴት ይታያል? ዝም ያለውን ማን ያናግረዋል? መምህር የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ ሲጨንቅህ የምትሄደው ወደ ተማርክበት መንገድ ነው። ስለዚህ በ2012 ለእጩ መምህራን በስልክ የተላከው ነገር፣ በኋላ እነሱ ለልጆች የሚልኩት ነገር ናሙና ነበር። ነገሩን ከዚህ አንጻር የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደነበሩ እንይ። በአገሪቱ ከ30 በላይ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ። ደሴ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ አሰላ፣ ነቀምቴ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕና እያልን መጥራት እንችላለን። በጊዜው እነዚህ ኮሌጆች በዋናነት የሚያሠለጥኑት 10ኛ ክፍልን ጨርሰው የገቡ ወጣቶችን ነበር። ሦስት ዓመት ተምረው በዲፕሎማ ለአንደኛ ደረጃ ይመረቁ ነበር። አብዛኞቹ ከገጠር ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። ለሁለተኛ ደረጃ የሚሆኑት ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መጀመሪያ በትምህርት ዓይነታቸው ዲግሪ ይይዙ ነበር። ከዚያ ለመምህርነት ፒጂዲቲ የሚባለውን የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ ይወስዱ ነበር። በዚህ ላይ ዓመቱን ሙሉ እያስተማሩ ክረምት ሲመጣ ወደ ኮሌጅ የሚገቡ ነባር መምህራን አሉ። የማታና የቅዳሜና እሁድ ሰልጣኞችም አሉ።

የአስተዳደሩ ነገር ራሱ አንድ ችግር ነበር። በጊዜው ዩኒቨርሲቲዎች በሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ጉዳይ ናቸው። የመምህራን ኮሌጆች ደግሞ በክልል ነው የሚተዳደሩት። እጩ መምህሩ የሚማርበት ኮሌጅ ለአንዱ አካል ተጠሪ ነው። ልምምድ የሚወጣበት ትምህርት ቤት የወረዳው ነው። ትምህርት ቤቱም ኮሌጁም በአንድ ጊዜ ሲዘጋ «የኔ ሰልጣኞች ምን ላይ ናቸው?» ብሎ ሁለቱንም ወገን የሚጠይቅ አንድ ወንበር አልነበረም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ዓይነት ቀን ይመጣል ብሎ አልተዘረጋም።

አሁን ወደ ዝግጁነት እንምጣ። ብዙ ሰው ዝግጁነት ሲባል ስልክና ላፕቶፕ ይታየዋል። ሰልጣኙ ምን ዓይነት ልምድ ይዞ መጣ የሚለው ግን ከመሣሪያው ባልተናነሰ ይከብዳል።

እነዚህ ወጣቶች ስለ «ቴክኖሎጂ በትምህርት» የሚያውቁት ከየት ነው? ከፕላዝማ ነው። ከ1997 ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር። የክፍሉ መምህር መግቢያ ይሰጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ሲያበቃ መምህሩ በቀሩት ደቂቃዎች ያጠቃልላል። ስክሪኑ ተማሪው ገባው አልገባው አይጠብቅም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። ቆየት ባሉት ዓመታት የተማሩት የፒጂዲቲ ሰልጣኞች በዚህ ውስጥ አልፈዋል። ከወጣቶቹ የዲፕሎማ እጩዎች ደግሞ አንዳንዶቹ ያገኙት ተበላሽቶ ግድግዳ ላይ የቀረውን ስክሪን ነው። በሁለቱም መንገድ የተያዘው ትምህርት አንድ ነው። ቴክኖሎጂ ይናገራል፣ ተማሪ ያዳምጣል፣ መምህር ዳር ይቆማል። ይህንን የያዘ ወጣት «ኦንላይን እንማራለን» ሲባል ምን ይጠብቃል? ፋይል ይጠብቃል። የተላከለትም ፋይል ነው።

ኮሌጅ ውስጥ የአይሲቲ ኮርስ የለም ማለት አይደለም። አለ። ግን ኮርሱ በአመዛኙ ስለ ኮምፒውተር ነው። ስለ ሃርድዌርና ሶፍትዌር፣ ስለ ዎርድና ኤክሴል፣ ስለ ኢንተርኔት ትርጉም። ብዙ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው ተደርቦ። «ሦስተኛ ክፍልን ክፍልፋይ በስልክ ብቻ ለማስተማር ምን ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ በዚያ ኮርስ ውስጥ ቦታው የት ነው? ከኮቪድ በፊት ይህን የሚጠይቅ ምክንያት አልነበረም ይባል ይሆናል። እኔ አልስማማም። ትምህርት በሬዲዮ ከማስተላለፍ ጀምሮ በርቀት ማስተማር በዚህ አገር ለአሥርት ዓመታት የኖረ ነገር ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ኮሌጆቹ ከተዘጉ በኋላ ምን ሆነ? ለዩኒቨርሲቲዎች የመጣው ውሳኔ ግልጽ ነበር። የድህረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን ይቀጥሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እቤታቸው እያነበቡ ይጠብቁ፤ በኋላ በአካል ተመልሰው ይጨርሳሉ። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ ሐቀኛ ነበር። ሁሉም ተማሪ መስመር ላይ መገኘት እንደማይችል እያወቁ በኦንላይን ፈተና መስጠት ግፍ ይሆን ነበር። ችግሩ «እያነበቡ ይጠብቁ» የሚለው ላይ ነው። ምን እያነበቡ? ማን እያገዛቸው?

መልሱ ቴሌግራም ሆነ። ለዚህ ምክንያት አለው። ቴሌግራም በቀጭን ኔትወርክም ይሠራል። ፋይል በቀላሉ ይልካል። የተላከውን ያስቀምጣል፤ ከሳምንት በኋላ መስመር ያገኘ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ያወርደዋል። ወጣቱ ቀድሞም ይጠቀምበታል። ስለዚህ በየዲፓርትመንቱ ግሩፕ ተከፈተ። የኮርሱ መምህር ሃንድአውቱን በፒዲኤፍ ይለቃል። ፒዲኤፍ ያልሆነውን የመጽሐፍ ገጽ በስልክ ፎቶ እያነሳ ይልካል። አሳይመንት ይጽፋል። ከታች «እሺ መምህር» የሚሉ መልሶች ይደረደራሉ። ከዚያ ዝምታ ነው።

ዝምታው ላይ ትንሽ ልቆይ። ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ተማሪ ይታያል። ፊቱ ይናገራል፤ ደብተሩ ባዶ ከሆነ ጠጋ ብሎ ያዩታል። ግሩፕ ውስጥ ዝም ያለ ሰልጣኝ ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም። ፋይሉን አንብቦ ገብቶት ይሆናል። አንብቦ ሳይገባው ቀርቶ ሁለት መቶ ሰው ፊት መጠየቅ አፍሮ ይሆናል። ካርድ አልቆበት ፋይሉን ጭራሽ አላየው ይሆናል። ስልኩ የወንድሙ ይሆናል። እነዚህ አራት ሰዎች የሚያስፈልጋቸው እርዳታ የተለያየ ነው። መለያያ ዘዴ ግን አልተዘረጋም። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው አጭር መልእክት ልኮ «የት ደረስክ?» የሚል አሠራር ቢኖር ኖሮ ይበቃ ነበር። ኮሌጆቻችን ሰልጣኞችን በአንድ ለአምስት አደራጅተው ያውቃሉ። ያ አደረጃጀት በብዙ ነገር ይተቻል። ነገር ግን አምስት ሰው እርስ በርሱ በስልክ እንዲጠያየቅ፣ መስመር ያለው የሌለውን እንዲያስነብበው ለማድረግ ከዚህ የተሻለ መነሻ አልነበረም።

የኮሌጅ መምህራንን መውቀስ ቀላል ነው። አልወቅሳቸውም። አብዛኛው የራሱን ካርድ እየሞላ ነው ፋይል ሲልክ የነበረው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የሚባል የአሰልጣኞች ሥልጠና አለ። አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ብዙ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህር አልፎበታል። ትኩረቱ ክፍል ውስጥ አሳታፊ ትምህርት ማካሄድ ላይ ነበር። የቡድን ሥራ፣ የአቻ ግምገማ፣ ተግባራዊ ምርምር። ጥሩ ነገር ነው። ግን ክፍሉ ሲጠፋ አሳታፊነት እንዴት እንደሚቀጥል የሚያሳይ አልነበረም። አሰልጣኙ ያልሠለጠነበትን ነገር ሰልጣኙ አልቻለም ብሎ ዝግጁነቱን መለካት ሚዛኑ የተዛባ ነው።

መስመሩም አለ። በ2012 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ያሳወቀው የዳታና ኢንተርኔት ደንበኛ ቁጥር 24 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ያኔ ከ110 ሚሊዮን በላይ ነበር። የሞባይል ዳታ ዋጋ በነሐሴ 2010 በ43 በመቶ ቀንሷል፤ ይህ ብዙ ረድቷል። ቢሆንም ከገበሬ ቤት ለወጣ የዲፕሎማ ሰልጣኝ የወር ፓኬጅ ገና ከባድ ወጪ ነበር። መብራትም የሚያገኘው ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ገጠር ላይ ከዚያም ያንሳል። ስልክ ለመሙላት ገበያ የሚወጣበት ቦታ አለ። ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ የሚወጣበት ቦታም አለ። እንዲህ ያለ ሰልጣኝ የላይቭ ቪዲዮ ትምህርት አይከታተልም። የሚችለው ፋይል በሳምንት አንዴ አውርዶ ማንበብ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ራሱ መምህር መሆን ነበረበት። ጥያቄ ያለበት፣ ምሳሌ ያለበት፣ መልስ የሚያሳይ፣ እርምጃ በእርምጃ የሚመራ። የተላከው ግን ለክፍል ውስጥ ማብራሪያ ማስታወሻ እንዲሆን የተጻፈ ሃንድአውት ነው። ማብራሪያው የሌለበት ማስታወሻ።

ሌላም አለ። መጀመሪያ የተባለው 15 ቀን ነበር። ለ15 ቀን የሚለይ ሰው መጽሐፉን ሁሉ ይዞ አይሄድም። ዶርም ወይም የኪራይ ክፍል ውስጥ የቀረ ሞጁልና ደብተር ጥቂት አይደለም። ከዚያ ግንቦት ሲመጣ እርሻ ነው። እቤት የተገኘ ወጣት ይሠራል። ሴት ሰልጣኞች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ውሃው፣ እንጨቱ፣ ወጡ፣ ታናናሾቹ የሷ ናቸው። «ትምህርት ተዘግቷል» በተባለበት ቤት ስልክ ይዞ ጥግ የተቀመጠች ልጅ እየተማረች እንደሆነ ለማን ታስረዳለች? ከዚህም ሌላ የትዳር ጥያቄ አለ። ኮሌጁ መቼ እንደሚከፈት ባልታወቀበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ይበረታል። እኔ የሰልጣኝ ዝግጁነት ሲባል ቤተሰቡም ውስጡ መቆጠር አለበት የምለው ለዚህ ነው። ኮሌጁ ለወላጅ አንድ ደብዳቤ ቢልክ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ለልጅዎ ይተውላት ቢል፣ ከምንም ሶፍትዌር በላይ ይሠራ ነበር።

የቋንቋው ነገር በጣም የሚቆጨኝ ክፍል ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። ስለዚህ እጩ መምህሩ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊ፣ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በሌላም ቋንቋ ለማስተማር ነው የሚዘጋጀው። ኢንተርኔት ላይ ያለው የመምህራን ሥልጠና ቁሳቁስ ግን ከሞላ ጎደል እንግሊዝኛ ነው። ቪዲዮው፣ ነጻ ኮርሱ፣ የናሙና ትምህርቱ ሁሉ። በጥሩ ኔትወርክና በጥሩ ስልክ ኦንላይን የገባ ሰልጣኝ እንኳ በሲዳምኛ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ማስተማርን የሚያሳይ ነገር ፈልጎ ምን ያገኛል? ለዚህ መልስ መስጠት የሚችሉት ራሳቸው ኮሌጆቹ ብቻ ናቸው። በየቋንቋው አንድ ጥሩ መምህር ሲያስተምር በስልክ ተቀርጾ ቢቀመጥ፣ ያ አጭር ቪዲዮ ከብዙ የውጭ ኮርስ ይበልጥ ነበር። የተዘጋበት ጊዜ ያን ለማዘጋጀት ሰፊ ዕድል ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በሆነ መንገድ ሊካካስ ይችላል። ፕራክቲከም የሚባለው የማስተማር ልምምድ ግን ቆመ። ከ1995ቱ የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ የሥልጠናው እምብርት ይህ ነው። ሰልጣኙ ወደ ትምህርት ቤት ወጥቶ መጀመሪያ ያያል። ቀጥሎ ነባሩን መምህር ያግዛል። በመጨረሻ ክፍሉን ተረክቦ ራሱ ያስተምራል። ሜንተሩ፣ ማለትም የሚመራው ነባር መምህር፣ ከኋላ ተቀምጦ ይገመግመዋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይህ ሁሉ የለም። እዚህ ላይ የነበረው አስተሳሰብ «ይቆይ፣ ሲከፈት ይሟላል» ነው። ለመደበኛው ልምምድ ይህ ትክክል ነው። የሰባ ልጅ ክፍል በቴሌግራም አይለማመዱትም።

ግን ሌላ ልምምድ ደጃፋቸው ላይ ነበር። እያንዳንዱ እጩ መምህር የሄደበት መንደር ውስጥ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ። ታናሽ እህቱ አለች። የጎረቤት ልጅ አለ። ሬዲዮ ላይ ትምህርት እየተላለፈ ነው፤ የሚያዳምጥ ልጅ ግን አጠገቡ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል። አንድ እጩ መምህር ከሦስት አራት ልጆች ጋር ዛፍ ሥር ተራርቆ ተቀምጦ፣ ሬዲዮውን አብሮ ሰምቶ፣ ከዚያ «ምን ገባችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ይህ ፕራክቲከም ነው። ማስታወሻ ይጽፋል። ማታ ለአሰልጣኙ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በድምፅ ይልካል። አሰልጣኙ መልስ ይሰጣል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለዚህች ለመጨረሻዋ ክፍል ብቻ ነው፤ እሷም በስልክ ጥሪ ትተካለች። አንዳንድ ሰልጣኞች ይህን ማንም ሳያዛቸው ለመንደራቸው ልጆች እንዳደረጉት አልጠራጠርም። ሥልጠና ተብሎ ተቆጥሮ፣ ተመርቶ፣ ተገምግሞ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር።

በዚያ ሰሞን ስለ ዝግጁነት የሚጠይቁ መጠይቆች በዓለም ላይ በዙ። የተለመዱት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ለመጠቀም ትተማመናለህ? ራስህን ችለህ ታጠናለህ? ትኩረትህን ትቆጣጠራለህ? ፍላጎት አለህ? በኦንላይን ሐሳብህን ትገልጻለህ? ጥያቄዎቹ መጥፎ አይደሉም። ነገር ግን መጠይቁ በጎግል ፎርም ከተላከ መልሱ የሚመጣው መስመር ካለው ሰው ብቻ ነው። ኮረብታ ላይ የሚወጣው ልጅ አልተቆጠረም። ሁለተኛ፣ ሁሉም ጥያቄ ሰልጣኙን ነው የሚጠይቀው። ኮሌጁን የሚጠይቅ የለም። «የሰልጣኞችህን ስልክ ቁጥር በሙሉ ይዘሃል?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ያሳይ ነበር።

ከዚያ ሰኔ መጣ። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። የሞባይል ዳታ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። በዚያው ሰኔ ነበር ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው። ለኦንላይን ትምህርት ይህ መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የፒጂዲቲ ወይም የማስተርስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። የላፕቶፕ ባለቤት የሆነው፣ ከተማ የሚኖረው፣ ከሁሉም የተሻለ «ዝግጁ» የነበረው ሰልጣኝ ራሱ በአንድ ጠዋት ከመስመር ወጣ። በእኛ አገር ቀውስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩን ይዞት ይሄዳል። ይህን ያልቆጠረ የዝግጁነት ዕቅድ የሌላ አገር ዕቅድ ነው።

አሁን ቅድም እመለሳለሁ ወዳልኩት። ኢትዮጵያ መምህርን በርቀት ማሠልጠን ታውቃለች። በሰርተፍኬት ያስተምሩ የነበሩ ብዙ ሺህ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ወደ ዲፕሎማ ያደጉት በዚህ መንገድ ነው። የታተመ ሞጁል ይወስዳሉ። ራሳቸውን እየፈተኑ ያነባሉ፤ ሞጁሉ ውስጥ የመለማመጃ ጥያቄና መልስ አለ። በየተወሰነ ጊዜ በአቅራቢያቸው ወዳለ ማዕከል ለቱቶሪያል፣ ለማብራሪያ ትምህርት፣ ይመጣሉ። ክረምት ላይ ኮሌጅ ይገባሉ። የሚለማመዱት በራሳቸው ክፍል ነው። ጉድለት ነበረበት። ሞጁል ይዘገያል፤ ቱቶሪያል ይዘለላል፤ የተኮረጀ አሳይመንት ሞልቷል። ነገር ግን መብራትና ኔትወርክ ለሌለው ሰልጣኝ የተሠራ መንገድ ነበር። በየኮሌጁ የርቀት ትምህርት ክፍል ነበረ። ሞጁል የጻፉ መምህራን ነበሩ።

መጋቢት 2012 ላይ ያ ልምድ መነሻ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ። የተጻፈ ሞጁል ታትሞ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ቢወርድ፣ በስልክ ጥሪ ቢደገፍ፣ ቴሌግራሙ ደግሞ መስመር ላለው ተጨማሪ ቢሆን፣ ሦስቱ ተደጋግፈው ብዙ ሰው ይደርሱ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓለም ሁሉ ስለ ዙም ያወራ ነበር። ከ190 በላይ አገሮች ትምህርት ቤት ዘግተዋል፤ ሁሉም ኦንላይን ይላል። የራሳችን የቆየ ዘዴ ያረጀ መሰለን። ይባስ ብሎ የዚያ ዓመት ክረምት መርሐ ግብርም በመዘጋቱ ምክንያት ከጊዜው ተስተጓጎለ።

በ2013 ጥቅምት ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት ጀመሩ። 8ኛና 12ኛ ክፍል ማካካሻ ወሰዱ፤ ሌሎቹ ያለ ፈተና ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፉ። ክፍል ውስጥ ከ25 ያልበለጠ ተማሪ እንዲቀመጥ፣ በፈረቃ እንዲማሩ ተባለ። ኮሌጆችም ተመልሰው የቀረውን ማሟላት ያዙ። ጊዜው የተጣበበ ነበር። ኮርስ በኮርስ ላይ ተደራረበ። ፕራክቲከሙም በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ገባ።

እዚህ ጋ አንድ የሚያጓጓ ነገር ነበር። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልጣኞች 25 ልጅ ያለበት ክፍል አዩ። መጽሐፍ ላይ ያነበቡት አሳታፊ ትምህርት የሚሞከርበት ክፍል። ፈረቃ ደግሞ ልጁ ግማሹን ጊዜ እቤት ነው ማለት ነው። እቤት ለሚውለው ልጅ ሥራ አዘጋጅቶ መስጠትና መከታተል፣ ይህ በትክክል የርቀት ማስተማር ነው። ከስድስት ወር በፊት በራሳቸው ላይ የደረሰውን በልጆች ላይ እንዳይደገም አድርገው የሚሠሩበት ጊዜ ነበር። ይህን ፕራክቲከም ውስጥ አስገብቶ የተጠቀመ ኮሌጅ ካለ ልምዱን ማወቅ በጣም እፈልጋለሁ። በአብዛኛው ግን የተሞላው ያው የድሮው የመገምገሚያ ቅጽ ነው። የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የድምፅ ጥራት፣ የዓላማ ግልጽነት።

ነገሩ በኮቪድ አላበቃም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነት ተጀመረ። በትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል አብዛኛው ሕዝብ ስልክም ኢንተርኔትም ባንክም አጣ። የአድዋና የአቢይ ዓዲ ኮሌጆች ሰልጣኞች ምን ዓይነት ኦንላይን ይማሩ? በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያ፣ በ2014 ደግሞ ደሴ ደረሰ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ዛሬም በግጭት ምክንያት ዝግ ናቸው። በ2012 ከተማሩት መካከል ዛሬ በእነዚህ ቦታዎች የሚያስተምሩ አሉ። ተማሪ ሆነው የተላከላቸውን ፒዲኤፍ ያስታውሳሉ። አሁን ልጆቹ የእነሱ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ኮሌጅ ዛሬ «ሰልጣኞቼን ለቀውስ ጊዜ ላዘጋጅ» ቢለኝ ከታብሌት ግዢ እንዲጀምር አልመክረውም። መጀመሪያ የሁሉንም ሰልጣኝ ስልክ፣ መንደር፣ የቅርብ ትምህርት ቤትና መስመር ያለው ዘመድ በወረቀት ይያዝ። ከዚያ በየሴሚስተሩ አንድ ሳምንት ኮሌጁ የተዘጋ ያህል ይሥራ። ሰልጣኞች እቤታቸው ሆነው፣ የታተመ ሞጁል ይዘው፣ በስልክ እየተጠየቁ ይማሩ። የማን ስልክ እንደማይሠራ፣ የትኛው ሃንድአውት ያለ ማብራሪያ እንደማይገባ፣ የትኛው አሰልጣኝ መልስ እንደሚያዘገይ በዚያ ሳምንት ይታወቃል። በመጨረሻው ዓመት ፕራክቲከም ላይ ደግሞ ሜንተሩ ክፍል ውስጥ ከሚያየው ሌላ አንድ ትምህርት ይጨመር፦ ሰልጣኙ በአካል ለማያገኛቸው አምስት ልጆች፣ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ለአንድ ሳምንት ያስተምር። የሚገመገመውም በላከው ወረቀት ብዛት ሳይሆን አምስቱ ልጆች የት እንደደረሱ ጠይቆ በማወቁ ይሁን።